ኢንፍሉዌንዛን በኤሌክትሪክ መለየት፤ "አፕታመር" ምን ይዞ መጣ?

በአማርኛችን ንፍጥ ያስቸገረውም፣ ትኩሳት አልጋ ላይ ያዋለውም "ጉንፋን ያዘኝ" ይላል። የሕክምና ባለሙያዎች ግን ተራ ጉንፋንንና ኢንፍሉዌንዛን ለይተው ነው የሚያዩዋቸው። ተራው ጉንፋን በርካታ ዓይነት ቫይረሶች የሚያመጡት፣ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ በራሱ የሚለቅ ሕመም ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን የራሱ ቫይረስ ያለው፣ ድንገት በከፍተኛ ትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት የሚጀምር በሽታ ሲሆን፣ በሕፃናት፣ በነፍሰ ጡሮች፣ በአረጋውያንና ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሞት እስከ መዳረግ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በየዓመቱ አንድ ቢሊዮን ያህል ሰዎች በወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይያዛሉ። ከእነዚህም ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በጽኑ ይታመማሉ፤ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርሱት ደግሞ በሽታው በሚያስከትለው የመተንፈሻ አካል ችግር ሕይወታቸውን ያጣሉ።

ኢትዮጵያም ይህንን በሽታ በክፉ ታስታውሰዋለች። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ክፉኛ መትቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨርሷል። ስሙም "የኅዳር በሽታ" ተብሎ ቀርቷል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለው ልማድም ከዚያ የመከራ ጊዜ ጋር ይያያዛል። በዚያን ጊዜ የበሽታውን መንስዔ በውል የሚያውቅ አልነበረም። የሰው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ አገር ነው።

ዛሬ ቫይረሱ ይታወቃል፤ ክትባትም መድኃኒትም አለው። ያልተፈታው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ታማሚው ፊታችን ሲቀርብ ወይም ዶሮዎች ሲሞቱ "ይህ ኢንፍሉዌንዛ ነው ወይስ አይደለም?" የሚለውን በትክክልና በጊዜው መመለስ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናሉ ተብለው ብዙ ከተደከመባቸው ቴክኖሎጂዎች አንዱ፣ "አፕታመር" በተባሉ አነስተኛ የዲ.ኤን.ኤ. ወይም የአር.ኤን.ኤ. ቁራጮች የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባዮሴንሰር ነው።

ችግሩ የሰዓት ነው

ኦሴልታሚቪር (በንግድ ስሙ ታሚፍሉ) የተባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን "ይለቀኛል" ብሎ ከታገሠ በኋላ ነው። ናሙናው ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ቢመጣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይሆናል። ሐኪሙም እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ በቫይረስ ላይ ምንም የማይሠራ አንቲባዮቲክ ለማዘዝ ይገደዳል። ይህ ደግሞ ጀርሞች መድኃኒት እየለመዱ እንዲሄዱ ያደርጋል።

በዶሮ ላይ ሲሆን ሰዓቱ ይበልጥ ይከብዳል። ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ሲገድል፣ መንግሥት በአካባቢው የነበሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንዲታረዱ አድርጓል። ከ2003 ወዲህ በዓለም ላይ ከ900 በላይ ሰዎች በዚህ ቫይረስ መያዛቸው ተረጋግጧል፤ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። በመጋቢት 2024 ደግሞ ቫይረሱ አሜሪካ ውስጥ በወተት ላሞች ላይ ተገኝቶ ባለሙያዎችን አስደንግጧል።

እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2006 የወፍ ጉንፋን ገባ የሚል ስጋት ተነስቶ የዶሮ ገበያ ቀዝቅዞ እንደነበር ይታወሳል። በወቅቱ በተደረገው ምርመራ በሽታው አልተገኘም። ይሁን እንጂ "የለም" የሚለው መልስ እስኪመጣ ድረስ አርቢውም ነጋዴውም ከስሯል። ከዚህ የምንረዳው በሽታው ባይኖርም እንኳ የዘገየ መልስ ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው።

የዛሬዎቹ መመርመሪያዎች

በአሁኑ ጊዜ ሁለት ዋና ዋና የምርመራ መንገዶች አሉ። አንደኛው ፒ.ሲ.አር. ነው። የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ ስለሚያይ በጣም ጥቂት ቫይረስ ቢኖር እንኳ አያልፈውም። ሆኖም መሣሪያው ውድ ነው፤ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የማይቋረጥ መብራትና ቀዝቃዛ ማስቀመጫ ይፈልጋል። ውጤቱም በተለመደው አሠራር ሰዓታትን፣ ናሙናው የሚጓጓዝ ከሆነ ደግሞ ቀናትን ይወስዳል።

ሁለተኛው እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር የሚያሳየው ፈጣን ምርመራ ነው። ይህ በ15 ደቂቃ ገደማ መልስ ይሰጣል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ችግሩ ብዙ ታማሚዎችን ማሳለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኤች1ኤን1 ወረርሽኝ ጊዜ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ሦስት ዓይነት ፈጣን መመርመሪያዎችን ሲገመግም፣ በፒ.ሲ.አር. ቫይረሱ ካለባቸው ናሙናዎች ውስጥ መለየት የቻሉት ከ40 እስከ 69 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር ከአሥር ታማሚዎች መካከል ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑት "ኢንፍሉዌንዛ የለብህም" ተብለው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

በመካከሉ ሦስተኛ መንገድ መጥቷል። ዘረመልን በአንድ የሙቀት መጠን አባዝተው 15 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውጤት የሚሰጡ አነስተኛ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ ፈቃድ አግኝተዋል። እነዚህ ፍጥነትንና ትክክለኛነትን በአብዛኛው ያስታረቁ ናቸው። ነገር ግን ማሽኑም፣ ለእያንዳንዱ ምርመራ የሚውለው ዕቃም ለጤና ጣቢያ በጀት የሚቀመሱ አይደሉም። አፕታመር ገባ የተባለው በዚህ ክፍተት ነው።

አፕታመር ምንድን ነው?

ዲ.ኤን.ኤ. ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የዘር መረጃ ተሸካሚነቱን ነው። ነጠላ ሆኖ የቆመ አጭር የዲ.ኤን.ኤ. ወይም የአር.ኤን.ኤ. ክር ግን ሌላም ጠባይ አለው፤ እንደ ፊደሎቹ አሰላለፍ በራሱ ላይ ተጠማዞ ልዩ ልዩ ቅርጽ ይይዛል። ከእነዚህ ቅርጾች አንዳንዶቹ ከአንድ የተወሰነ ፕሮቲን ጋር ልክ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጥማሉ። እንዲህ ያለው ክር ነው አፕታመር የሚባለው። ስሙ "መግጠም" እና "ክፍል" ከሚሉ የላቲንና የግሪክ ቃላት የተቀናበረ ነው።

ግኝቱ የሁለት ቡድኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ክሬግ ቱርክና ላሪ ጎልድ፣ በቦስተን ደግሞ አንድሩ ኤሊንግተንና ጃክ ሾስታክ አንዱ ከሌላው ተለይተው ወደ ተመሳሳይ ዘዴ ደረሱ። ሾስታክ ከጊዜ በኋላ፣ በ2009፣ በሌላ የምርምር ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነዋል።

ዘዴው "ሴሌክስ" ይባላል። አሠራሩን በቀላሉ ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ያልታወቀ ጓጉንቸር ተሰጥቶን ቁልፉን ብንፈልግ ምን እናደርጋለን? ቁልፍ ሠሪ ጠርተን ልኩን ከመውሰድ ይልቅ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የተለያዩ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ እንሞክር እንደማለት ነው። ተመራማሪዎች ፊደላቸው በዘፈቀደ የተደረደረ፣ እስከ አንድ ሺህ ትሪሊዮን የሚደርሱ የተለያዩ ክሮችን በአንዲት ጠብታ ውስጥ ያዘጋጃሉ። በዚህ ላይ የሚፈለገውን ፕሮቲን ይጨምራሉ። ያልተያያዘው ታጥቦ ይወገዳል፤ የተያያዘው ተለይቶ ይባዛል። ይህ አሥር ጊዜ ያህል ሲደጋገም በመጨረሻ አጥብቀው የሚይዙ ጥቂት ክሮች ይቀራሉ።

ኢንፍሉዌንዛን በተመለከተ ብዙውን ጊዜ ዒላማ የሚሆነው ሂማግሉቲኒን የተባለው ፕሮቲን ነው። "ኤች5ኤን1" ሲባል "ኤች" የሚለው እሱን ያመለክታል። ፕሮቲኑ በቫይረሱ ገጽ ላይ እንደ እሾህ የቆመና ቫይረሱ በመተንፈሻ አካላችን ሕዋሳት ላይ የሚጣበቅበት ነው። ጃፓን ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረጉት የአር.ኤን.ኤ. አፕታመር፣ የአንድ ኤች3ኤን2 ቫይረስን ሂማግሉቲኒን ከአንቲቦዲ ከ15 እጥፍ በላይ አጥብቆ ከመያዙም በላይ በጣም ተቀራራቢ የሆኑ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶችን መለየት ችሏል። ይህም ዘዴው ለዚህ በሽታ እንደሚሠራ ካሳዩ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው።

በተለመዱት ፈጣን መመርመሪያዎች ውስጥ ቫይረሱን የሚይዘው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ከእንስሳ ወይም ከሕያው ሕዋስ የሚገኝ ትልቅ ፕሮቲን ሲሆን፣ አንዱ ምርት ከሌላው ሊለያይ ይችላል፤ ሙቀት ካበላሸውም አይመለስም። አፕታመር ግን የፊደሎቹ ቅደም ተከተል ከታወቀ በኬሚካል መንገድ የትም ቦታ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ይመረታል። በተለይ የዲ.ኤን.ኤ. አፕታመር ደርቆ በተራ ሙቀት መቀመጥ ይችላል። ሙቀት ቅርጹን ቢፈታውም ሲቀዘቅዝ ብዙውን ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። መብራት በሚጠፋበትና የማቀዝቀዣ ሰንሰለት በማያስተማምንበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቫይረሱ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት እንዴት ይቀየራል?

ባዮሴንሰር ማለት ሁለት ነገር የያዘ መሣሪያ ነው። አንዱ የሚፈለገውን ነገር ለይቶ የሚይዝ ሕይወታዊ አካል፣ ሌላው ያንን መያዝ ወደ ቁጥር የሚቀይር ክፍል ነው። ለዚህ በቅርብ የምናውቀው ምሳሌ የስኳር ሕሙማን በየቤታቸው የሚጠቀሙበት መለኪያ ነው። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1962 ሌላንድ ክላርክ ያቀረበው ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ኢንዛይም ስኳሩን ሲያገኝ በኤሌክትሮዱ ላይ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካል። የአፕታመር ተመራማሪዎች ምኞትም ይኸው ነው፤ ኢንፍሉዌንዛን እንደ ስኳር መለካት።

ለዚህም ሦስት መንገዶች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው ኢምፒዳንስን፣ ማለትም ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገጥመውን እንቅፋት መለካት ነው። አፕታመሮቹ በቀጭን የወርቅ ኤሌክትሮድ ላይ ይተከላሉ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ስፋቱ ከ80 እስከ 120 ናኖሜትር ሲሆን (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው)፣ ከአፕታመሩ አንጻር እንደ ቋጥኝ ነው። ቫይረሱ ተይዞ ኤሌክትሮዱ ላይ ሲቀመጥ የፍሰቱን መንገድ ይዘጋል፤ መሣሪያውም ለውጡን ያነባል።

ሁለተኛው የአፕታመሩን መተጣጠፍ ይጠቀማል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የኬቨን ፕላክስኮ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ትሮምቢን በተባለ የደም ፕሮቲን ላይ ያሳየው ነው። በክሩ ጫፍ ላይ ሚቲሊን ብሉ የተባለ፣ ኤሌክትሮን የሚቀባበል ቀለም ይታሰራል። ፕሮቲኑ ሲያዝ ክሩ ቅርጹን ይቀይራል፤ ቀለሙም ከኤሌክትሮዱ ይርቃል ወይም ይቀርባል፤ በዚህም የፍሰቱ መጠን ይለወጣል። ቅርጹ ካልተለወጠ ምልክት ስለማይኖር፣ ሌላ ቆሻሻ ነገር ኤሌክትሮዱ ላይ ቢያርፍም መሣሪያውን በቀላሉ አያታልለውም።

ሦስተኛው ትራንዚስተርን የሚጠቀም ነው። የተያዘው አካል ያለው የኤሌክትሪክ ሙል በትራንዚስተሩ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት ይለውጣል። እንቅፋቱ ጨው ነው። እንደ ሰውነት ፈሳሽ ባለ ጨዋማ ነገር ውስጥ የአንድ ሙል ተጽዕኖ ከአንድ ናኖሜትር ያነሰ ርቀት ተጉዞ ይከስማል። አንቲቦዲ ቁመቱ 10 ናኖሜትር ገደማ በመሆኑ የያዘው አካል ከዚህ ርቀት ውጪ ይሆናል። አጭሩ አፕታመር ግን ይበልጥ ስለሚያቀርበው በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው።

ከዶሮ እርባታ የመጣ ጥያቄ

በዚህ ዘርፍ ብዙ ከሠሩት መካከል በአሜሪካ የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የያንቢን ሊ ቡድን ይጠቀሳል። ቦታው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አርካንሳስ ከአገሪቱ ታላላቅ የዶሮ አምራች ግዛቶች አንዷ ናት። አንድ መንጋ በኤች5ኤን1 ከተጠረጠረ እርባታውን ዘግቶ ውጤት መጠበቅም፣ ሳያረጋግጡ ማረድም ኪሳራ ነው።

ቡድኑ ኤች5ኤን1ን የሚይዝ የዲ.ኤን.ኤ. አፕታመር በሴሌክስ መርጦ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በተለያዩ መሣሪያዎች ላይ ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረበው የኢምፒዳንስ መሣሪያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠላለፉ ጥቃቅን የወርቅ ኤሌክትሮዶችና ፈሳሽ የሚያሳልፍ ቀጭን ቦይ ያሉት ነው። ናሙናው በቦዩ ሲያልፍ ቫይረሱ በአፕታመሩ ይያዛል። ምርመራው የሚወስደውም ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የዘረመል ማባዣ ማሽን አያስፈልገውም።

ታዲያ ለምን በየክሊኒኩ አልገባም?

ይህንን ሁሉ ያነበበ ሰው "እንግዲያው መሣሪያው የት አለ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ1990 ግኝት በኋላ አፕታመር በመድኃኒትነት ፈቃድ አግኝቷል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለዓይን ሕመም የጸደቀው ማኩጀን ነው። በኢንፍሉዌንዛ ምርመራ በኩል ግን የሐኪሞች የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆነው የቀጠሉት ፒ.ሲ.አር.፣ ፈጣኑ የአንቲቦዲ ምርመራና አነስተኞቹ የዘረመል መሣሪያዎች ናቸው። ለዚህ ቢያንስ አራት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ንፍጥ ነው። ብዙ ጥናቶች የሚሠሩት ንጹሕ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ወይም ቫይረስ ሆን ተብሎ በተጨመረበት ናሙና ነው። የታማሚ አፍንጫ ግን በፕሮቲን፣ በጨውና በሚያጣብቅ ልጋግ የተሞላ ነው። ይህ ሁሉ ወርቁ ላይ ሲያርፍ መሣሪያው ቫይረስ የያዘ ይመስለዋል። ከዚህም ሌላ ልጋጉ ራሱ ቫይረሱ የሚጣበቅበትን ዓይነት ስኳር ስለያዘ ቫይረሱን ከአፕታመሩ ይሻማል።

ሁለተኛው አፕታመሩን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ መኖራቸው ነው። በተለይ አር.ኤን.ኤ. ቶሎ ይበላሻል። በኬሚካል ማጠናከር ይቻላል፤ ነገር ግን ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ቫይረሱ ራሱን መለዋወጡ ነው። የወቅታዊው ኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየጊዜው የሚታደሰው ሂማግሉቲኒን ስለሚቀያየር ነው። ዛሬ በትክክል የሚገጥም ቁልፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ላይገጥም ይችላል። በጣም መራጭ የሆነ አፕታመር የቫይረሱን ዓይነት ለመለየት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አዲስ የመጣውን ሊያሳልፍ ይችላል።

አራተኛው ማረጋገጫው ነው። አንድ መሣሪያ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ በጥቂት ናሙናዎች መሥራቱ አይበቃም። በብዙ መቶ ታማሚዎች ላይ ከፒ.ሲ.አር. ጋር ጎን ለጎን መፈተሽ አለበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ከ2009 ትምህርት ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በፈጣን የኢንፍሉዌንዛ መመርመሪያዎች ላይ ጥብቅ መመሪያ አውጥቷል። በዚህም መሠረት መመርመሪያዎቹ ከዘረመል ምርመራ ጋር ሲነጻጸሩ ቢያንስ 80 በመቶ ታማሚዎችን መለየት ይጠበቅባቸዋል። አዲስ መጪ ቴክኖሎጂም ከዚህ ያነሰ ይዞ መምጣት አይችልም።

ለእኛ ምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ፣ የኮሮና ቫይረስ ምርመራ አገር ውስጥ ከመጀመሩ በፊት፣ ከቻይና የመጡ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር የተመረመረው። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራውን ራሱ ማካሄድ ጀመረ፤ ላቦራቶሪዎችም በየክልሉ ተስፋፉ። የኢንፍሉዌንዛ ቅኝትም በተመረጡ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ፒ.ሲ.አር. ያለበት ከተማና ዶሮዎቹ የሚሞቱበት ቀበሌ አሁንም ይራራቃሉ።

አፕታመር ሴንሰር ተስፋ የሚጣልበት ለዚህ ርቀት ነው። ፒ.ሲ.አርን የሚተካ ሳይሆን ከእሱ በፊት የሚቆም፣ የትኛው ናሙና በአስቸኳይ መላክ እንዳለበት፣ የትኛው እርባታ ለጊዜው መዘጋት እንዳለበት የሚጠቁም በር ጠባቂ ሊሆን ይችላል። አፕታመሩን ማዘዝና ኤሌክትሮድ ማተም የፋብሪካ ተራራ የሚጠይቅ ሥራ ባለመሆኑም፣ በኬሚስትሪና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የሠለጠኑ ሰዎች ላሏቸው ዩኒቨርሲቲዎች የማይደረስበት የምርምር መስክ አይደለም።

አንባቢም ሆነ ግዢ የሚፈጽም የጤና ኃላፊ "ኢንፍሉዌንዛን በደቂቃዎች የሚለይ አዲስ መሣሪያ" የሚል ዜና ሲሰማ አራት ነገሮችን ቢጠይቅ አይሳሳትም። የተሞከረው በእውነተኛ ታማሚ ናሙና ነው ወይስ በተዘጋጀ ፈሳሽ? ከፒ.ሲ.አር. ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ስንት ታማሚ ያሳልፋል? ሌሎች የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች ሲኖሩ በስህተት "ኢንፍሉዌንዛ ነው" ይላል ወይ? ለአንድ ምርመራ የሚወጣው ወጪ ማሽኑን ጨምሮ ስንት ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ያለው የአፕታመር መሣሪያ ገበያ ላይ ሲቀርብ፣ 48 ሰዓቷ ሳታልፍ መልስ የሚያገኝ ታማሚና ዶሮው ሳይታረድ እውነቱን የሚያውቅ አርቢ ይኖረናል። እስከዚያው ድረስ ግን ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳትና የመተንፈስ ችግር የገጠመው ሰው፣ በተለይም ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን፣ "ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል" ብለው ሳይዘናጉ በጊዜ ወደ ጤና ተቋም ቢሄዱ ይመረጣል።